ስምንተኛው የት ገባ

ዕፀገነት ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው የፕሮሰሰር ሳጥኖች ላይ ተክላ አታነሳም። «ሰባት ላይ ያልቃል። ስምንተኛው የት ገባ?»

ባለጥገናው ዩኑስ ከጠረጴዛው ቀና ይላል። «የትም አልገባም፣ እትዬ። ስምንቱም አሉ።»

ምን ይበል ታዲያ? ወስጃለሁ አይል! የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብርበትን ይህን ኮምፒውተር ስትገዛ ሻጩ፣ ስምንት ፕሮሰሰር አለው፣ ስምንት ሰው ባንዴ እንደሚሠራልሽ ቁጠሪው ብሏታል። ትናንት ደግሞ አቧራው እንዲጠረግላት ዩኑስ ጋ ጥላው ለቅሶ ሄደች፤ ማታ ወስዳ ቤቷ ስትከፍተው ቁጥሩ ሰባት ላይ አለቀባት። ፒያሳ ውስጥ ዕቃ ሲከፈት ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል፤ ኦሪጅናሉ ወጥቶ አሮጌ ይገባበታላ። ሰው ዕቃውን ትቶ የሚሄደው ዩኑስ ዘንድ ብቻ ነው። እሷም አመነችው። አሁን ማመኗ ያንገበግባታል።

«ቆጠራው ከዜሮ ነው የሚጀምረው» ይላል ዩኑስ። «የመጀመሪያው ዜሮ ይባላል፣ ሁለተኛው አንድ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል።»

«ዜሮ ማለት ምንም ማለት ነው። ከምንም የሚጀምር ቆጠራ የት አገር ነው ያለው?» ለማምለጫ የተሰናዳ ወሬ ይመስላታል። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፤ ንጹሕ ሰው በሌብነት ሲጠረጠር እንዲህ ይረጋጋል?

«እስቲ በጣትዎ ይቁጠሩ። የተጻፈውን ቁጥር ይተዉትና ሳጥኖቹን ብቻ።»

ትቆጥራለች። ስምንት። ይሄ ልጅ አንድ ዘዴ ሠርቶብኝ ይሆናል ብላ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ደግማ ትቆጥራለች። ስምንት። ፊቷ በሐፍረት ይግላል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ለጎረቤቷ ለእህተማርያም፣ ዩኑስ ፕሮሰሰሬን ሰረቀኝ ብላ ነግራታለች፤ ለእህተማርያም የተነገረ ደግሞ ምሳ ሳይደርስ ከተማውን አዳርሶ ታቦር ተራራ ይወጣል። «ዩኑስ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጽፈን በሩ ላይ እንለጥፈው፣ ሰው ሁሉ ይወቀው።»

ዩኑስ ይጽፋል፦ «ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለፕሮሰሰሮች መለያ ቁጥር የሚሰጠው ከዜሮ ጀምሮ ነው።»

«ይሄን ማን ይረዳልሃል?» ብላ ትነጥቀዋለች። በትልልቁ አድርጋ ራሷ ትጽፋለች፦ «ኮምፒውተር ሲቆጥር ከዜሮ ይነሳል። የመጨረሻው ቁጥር ሰባት ከሆነ ስምንቱም አሉ። ከዚህ ቤት የተሰረቀ ፕሮሰሰር የለም።»

«የመጨረሻዋ እንኳ ብትቀር፣ እትዬ።»

«እሷማ ዋናዋ ናት!» የበሩ መስታወት ላይ በፕላስተር ትለጥፈዋለች። ልቧ ቀለል ይላታል።

ብዙም ሳይቆይ ሊድያ ላፕቶፗን ታቅፋ ትመጣለች። የዩኑስ የቆየች ደንበኛ ናት፤ ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋለት ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። ዛሬ በሩ ላይ ቆማ ታነባለች። ጨርሳ ከላይ ጀምራ ትደግመዋለች።

ዩኑስ እንደወትሮው ፈገግ ብሎ ሊቀበላት እጁን ይዘረጋል።

«አይ፣ ዛሬ ዋጋ ልጠይቅህ ብቻ ነው የመጣሁት» ትላለች ሊድያ፣ ላፕቶፑን ወደ ደረቷ ጠበቅ አድርጋ።

የዕፀገነት ዓይን በሩ ላይ ወደለጠፈችው ጽሑፍ፣ ወደ መጨረሻዋ መስመር ይሄዳል። ዩኑስ ባዶ እጁን ቀስ ብሎ ይመልስና ንጹሑን ጠረጴዛ በመዳፉ መጥረግ ይጀምራል።