አቤቱታው ሳይመለስ

ምንትዋብ ጽሑፍን ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ሶፍትዌር ሠርታ፣ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጋለች። ኮዱን ያስቀመጠችበት ድርጅት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን የተጠቃሚ አቤቱታ ሳይመለስ ከቆየ የኮዱን ባለቤት የቤት ዕቃ ይቆልፋል።

አብሯት የሚሠራው ልዑልሰገድ ሊሞግታት ቤቷ መጣ።

"ኮዱን ወደ ራሳችን ኮምፒውተር፣ ወደ ራሳችን ሰርቨር እናዛውር ትያለሽ አሉ። እዚያ ማን ያገኘናል? ዓለም ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ደግሞም ነፃ ነው!"

ይህን ሲል ሕፃን ልጇ አለቀሰች። ምንትዋብ ወተት ልታወጣ ፍሪጁን ብትስበው አልከፈት አለ።

"አንድ ያልተመለሰ አቤቱታ አለ" አለ ፍሪጁ በለሰለሰ ድምፅ። "ተጠቃሚው የሶፍትዌሩን ቀለም አልወደዱትም።"

"ዓይነ ስውር የሚሰማውን ሶፍትዌር ቀለሙን ጠሉት!" አለች ምንትዋብ። "በል አንተ ዓለም ሁሉ እዚህ ነው ያልከው፣ መልስላቸው።"

ልዑልሰገድ እየሳቀ በስልኩ "እናመሰግናለን" ብሎ ጻፈ።

"መልሱ ከልብ አይደለም" አለ ፍሪጁ።

ይቅርታ ጠየቀ፤ አልተቀበለውም። ሳቁ ጠፍቶ ይለማመጥ ጀመር። በመጨረሻ ፍሪጁ ሲከፈት ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ፣ ወተቱን ሳትቀምስ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ልዑልሰገድ ላቡን ጠረገ። "ሰርቨሩን ... የት እናስቀምጠው?" አለ ቀስ ብሎ።

"እዚህ" አለችው፣ ፍሪጁን ከሶኬቱ እየነቀለች።