ካርታው ላይ የቀረ ጣሪያ

«ይህን ጣሪያ ደግሞ ከየት አመጣሽው?» ይለኛል አለቃዬ፣ ጣቱን ስክሪኔ ላይ ቀስሮ። በሌለበት «ማጉያ» ነው የምንለው፤ ከዓይኑ የሚያመልጥ የለም።

ሥራችን ከባድ አይደለም። አውሮፕላን ከተማዋን ከላይ ፎቶ ያነሳል፤ እኛ የእያንዳንዱን ጣሪያ ዙሪያ በመስመር እንከባለን። ጎርፍ ሲመጣ ማስጠንቀቂያውም ጀልባውም የሚላከው በጣሪያ ቁጥር ነው። ጣሪያ ከሌለ ሰው የለም።

«የእናቴ ቤት ነው» እላለሁ። «ተወልጄ ያደግኩበት።»

«እሱን መች ጠየቅኩሽ? ፎቶው ላይ አሳዪኝ።»

መስመሬን አንስቼ ሥሩን አያለሁ። ምንም የለም። እጄ ለምዶበት፣ ከዓይኔ ቀድሞ ነው ለካ የሳለው። ወንዙ ሞልቶ ግማሹን ግቢ ገምሶታል፤ ቤቱ ቆሞ በነበረበት ባዶ ቀይ አፈር ብቻ ቀርቷል። ፎቶው የተነሳው የዛሬ አሥር ቀን ነው፤ ከእማዬ ጋር ደግሞ ዛሬ ጠዋት አውርተናል። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤቷ ሌባ ድመት። ስለ ቤቱ ትንፍሽ አላለችም።

ማጉያ ፎቶውን አቅርቦ አንገቱን ያሰግጋል። «ይቺ ማን ናት?»

መኝታ ቤቱ በነበረበት ቦታ አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የለበሰችውን ግራጫ ሹራብ የገዛሁላት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ፎቶ፣ ከአራት ሰከንድ በኋላ፣ ቀና ብላ ታየናለች።

እደውላለሁ።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«የት እሆናለሁ ልጄ? ቤቴ ነኛ!»

«ቤቱ የለም እኮ። በፎቶ አየሁት። አንቺንም አየሁሽ።»



«ታየሁ?» ትላለች፣ ደስ እንዳላት ሁሉ። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ማታ ማታ ጎረቤት ነው የማድረው። ቀን ቀን ግን እየመጣሁ እቀመጣለሁ። ከላይ ሲያዩት ሰው የሌለበት መስሏቸው እንዳይሰርዙኝ።»

ማጉያ እጁን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ ቀስ አድርጎ ያነሳል። ዝናቡ የቢሮውን መስኮት ይደበድባል፤ ሳያባራ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«አሁንስ፣ እማዬ? አሁን የት ነው የተቀመጥሽው?»

«ነገርኩሽ እኮ» ትላለች። እየጮኸች ነው የምታወራው፤ አጠገቧ ያለው የውሃ ድምፅ ድምፅዋን ይውጠዋል። «አውሮፕላኑ ዛሬ አይመጣም እንዴ?»