ሆን ተብሎ የጠፋ መብራት

ኮምፒውተሩ ፎቶ እየገለበጠ ሳለ የፎቶ አንሺው የእህት ልጅ ጎንበስ አለችና ሶኬቱን ነቀለችው።

“ኧረ ምን ነካሽ!” ፎቶ አንሺው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ።

“ቅጂ እኮ ነው ጋሼ። ዋናዎቹ ካሜራዎ ውስጥ አሉ።”

ያም ሆኖ ልቡ አልረጋም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ባለፈው ክረምት ኮምፒውተሩ ፎቶ እየገለበጠ ሳለ መብራት ድርግም ካለ በኋላ ሠርጓን ያነሣላት አንዲት ሙሽራ ደወለችለት፤ እናቷ አርፈው ነበር፤ ከሠርጓ ፎቶዎች የሳቸውን ፈለገች። የፎቶዎቹን ስም ተደርድሮ አየና “አለ፣ ነይ” አላት። መጣች። አንድ በአንድ ሲከፍታቸው ሁሉም ምስል የሌለባቸው ግራጫ ብቻ ነበሩ።

የእህቱ ልጅ ኮምፒውተሩን ሊኑክስ በሚባለው ማስነሻ ፕሮግራም ልታድስለት የመጣችው ለዚሁ ነው። ሊኑክስ ሲጫን ታዲያ ፋይል ሲስተም ያስመርጣል፦ ፎቶዎቹ ዲስኩ ላይ የሚቀመጡበትን ሥርዓት። እሱ አዲሱንና ፈጣኑን ፈለገ፤ እሷ የድሮውን። “ክርክር ምን ያደርጋል፣ ነቅለን እንየው” ብላ ሁለቱን በሁለት ዲስክ ጫነቻቸው።

ሶኬቱን መልሳ ሰካች። መጀመሪያ በሞከሩት በፈጣኑ ላይ የፎቶዎቹ ስም አንድም ሳይጎድል አለ። የመጨረሻዎቹን ሲከፍቱ ግን አንድ ሽማግሌ ከአንገታቸው በታች ግራጫ ሆነዋል፤ ቀጥሎ ያለው ጭራሽ አይከፈትም።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” አለ።

“ይቺ መልቀሙም አልሆነላት።”

የድሮውንም እንደዚያው እየገለበጠ ሳለ ነቅላ ሰካችው። ፎቶዎቹ ሁሉ ተከፈቱ። አንድ ብቻ ጎደለ።

“እሱስ?”

“ስነቅል ገና እየገባ የነበረው ነው። ይሄኛው ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ ይጽፋል፤ መብራት ሲመለስ ያልጨረሰውን አንብቦ ይሰርዘዋል። ተአምር አይሠራም ጋሼ።”

ፎቶ አንሺው የኮምፒውተሩን ማያ ትኩር ብሎ አየ። የጎደለው ፎቶ ስሙም የለም።

“የሌለውን አለ አይልም ማለት ነው” አለ ቀስ ብሎ።

“አይልም።”

“ይሄ ይሁን።”

ልጅቱ የድሮውን በኮምፒውተሩ ዋና ዲስክ ላይ መጫን ጀመረች። ማያው ላይ ጥያቄ መጣ፦ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ እርግጠኛ ነዎት? እጇን ወደ ቁልፉ ስትዘረጋ በክርኑ ገፋ አደረጋት።

“ቆይ፣ እኔ ልጫነው።”

ጣቱን በሸሚዙ ጠረገና ተጫነ።