የማንኩሳው ሞተር ታንከር

ይህን ማውራት ነውር ነው። ነገሩ የአንድ ንጹሕ ሰው ነገር ነውና አንባቢ አስቀድሞ ይቅር ይበል። የባህል ባለሙያው ወንዳወቅ ስሙ እንዲነሣ አይፈልግም፤ የተነሣው ለታሪክ ሲባል ብቻ ነው።

ወንዳወቅ ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ ድረስ የሄደው የአንድ እንግሊዛዊ ወታደር ሞተር ብስክሌት ሊያይ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣልያንን ከቡሬ እያሳደደ የመጣ ወታደር ቤንዚን ቢያልቅበት ሞተሩን ለወይዘሮ ተናኜ አባት «አደራ» ብሎ ትቶት ሄደ። በዚያው ቀረ። አደራ ነውና አልተሸጠም፣ አልተጣለም። ዶሮ ሰፈረበት እንጂ።

ወንዳወቅ ሞተሩን ሲያይ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። መሪው ላይ ሦስት ዶሮዎች ተኮልኩለዋል፤ መቀመጫው ላይ አንዷ ታቅፋለች። የሰማንያ ዓመት ኩስ ከጎማ እስከ መብራት ተጋግሯል።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ቅርስ ነው!»

«ዶሮ ምን ታውቃለች ልጄ።»

ይባስ ብሎ የቤንዚን ታንከሩ የለም። የጦሩ ቁጥር የተጻፈው ደግሞ እሱ ላይ ነው፤ ያለ ቁጥሩ ሞተሩ ውዳቂ ብረት ነው። ቅዳሜ ኮሚቴ ይመጣል። ቁጥሩ ከተገኘ ወንዳወቅ የቡድን መሪ ይሆናል፤ ካልተገኘ ወንበሩ የሥራ ባልደረባው የእሌኒ ነው።

«ታንከሩ የት ሄደ?»

ወይዘሮ ተናኜ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከወሰዳችሁት ትመልሱታላችሁ?»

«ቅርስ አይመለስም እማማ።»

«እንግዲያ እግዜር ያውቃል» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ይህ ሌባ የሚሸሽግ ሰው አነጋገር ነው። ወንዳወቅ ወዲያው ገባው።

ቤቱ ውስጥ የማያስጠላ ነገር አልነበረም። መደቡ ላይ ዶሮ ተኝታለች፤ ስለዚህ አልተቀመጠም። ዳቦው ላይ ዝንብ አርፏል፤ ስለዚህ አልበላም። እሺ ያለው አረቄውን ብቻ ነው፤ አረቄ ጀርም ይገድላል። መለኪያውን ግን በዚያው መሐረብ ሦስት ጊዜ ወለወለው።

«እሳት ነው!» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «የደምበጫውን ያስንቃል። ምን ይጨምሩበታል?»

«ምንም። የእጅ ነገር ነው።»

ከጓዳ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማል። ወንዳወቅ ደገመ። ለኃላፊውም አንድ ጠርሙስ አስሞልቶ ሄደ።

በማግስቱ ቡሬ ወርዶ የወይዘሮ ተናኜን የእኅት ልጅ፣ በያጁን ክንዱን፣ አፋጠጠው።

«ታንከሩን ነክተሃል አሉ።»

«ነክቻለሁ ጌታው። ካቻምና አክስቴ ቀዳዳውን ድፈንልኝ ብለው አመጡት፤ በየድኩላቸው፤ ይዘውት ሄዱ።»

«ሰማንያ ዓመት የቆመ ሞተር ቤንዚን ሊሞላ?»

«እኔ ብረት እበይዳለሁ እንጂ ሰው አልመረምርም።»

ወንዳወቅ የክንዱን ጥፍር አየ። ጥቁር ነው። እንዲህ ያለ ጥፍር ያለው ሰው የማይሰርቀው የለም።

ዓርብ ዕለት ማንኩሳ ተመለሰ። በሩ ላይ አዲስ ኩስ ረግጦ ገባ፣ ተሳደበ፣ ጫማውን በሣር ጠረገ። ወይዘሮ ተናኜ ሳይጠይቃቸው መለኪያ ሞሉለት። አንዱን ጠጥቶ ሁለተኛውን እንደያዘ፣

«እማማ» አለ፣ «ታንከሩ እስከ ማታ ካልተገኘ ክንዱ ይታሰራል። ማመልከቻውን ጽፌ ጨርሻለሁ።»

አሮጊቷ ጓዳውን አዩ፣ እሱን አዩ።

«የእኅቴን ልጅ?»

«ሌባን።»

ተነሡ። ጓዳ ገብተው ቆዩ፤ ጠብታው ቆመ። ሲመለሱ አንድ አረንጓዴ ታንከር አቅፈዋል። ለብ ያለ ነው፤ ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠባል። አፉ ላይ የመቃ ቧንቧ ተሰክቷል፤ የጦሩ ቁጥር ከደረቀ ኩስ ሥር ይነበባል።

«ልጁን ተወው» አሉ እግሩ ሥር እያስቀመጡ። «ይኸው ታንከርህ። ውስጡ ያለውን ግን ጨርስልኝ፤ የወደድከው ነው።»

ኃላፊው ጠርሙሳቸውን ገና አላጋመሱምና፣ ይህን የሰማ ሁሉ ለማንም እንዳይደግም በትሕትና ይለመናል።