የተረፈ ቦታ

አሮጊቷ ፊደል ባትቆጥርም፣ ወንድ ልጇ ሲሄድ አደራ ያላትን የመጫወቻ ወታደሮች በማስቀመጥ የሚስተካከላት የለም። አውራ ጣት የሚያክሉ ናቸው። ልጅየው አንድ በአንድ ቀለም ቀብቶ፣ ለእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ በቅርጹ ልክ ስፖንጅ ፈልፍሎ መኝታ አበጅቶለታል። እሷ አቧራቸውን በብሩሽ ታራግፍና ሰይፍ የያዘውን በሰይፉ፣ ፈረሰኛውን በፈረሱ ልክ ታጋድማለች።

«እማዬ፣ ይህን ኮተት ሽጪና እኛ ጋ ግቢ። ክፍልሽን አዘጋጅተናል» አለቻት ሴት ልጇ፣ በሩን ተደግፋ።

«ከዚህ ቤት ሬሳዬ ይወጣል እንጂ እኔ አልወጣም። ይልቅ ሳጥኑን አቀብዪኝ።»

የመጨረሻው ሳጥን ሲሞላ አንድ ቦታ ተረፈ።

«አንዱን ጥለሻል» አለች ልጅቷ።

«እኔ? አፍሽን ያዢ።»

አሮጊቷ ጣቷን ሰደደችበት። አሁን የተቆረጠ ይመስል የስፖንጁ ፍርፋሪ ገና አልተራገፈም። ቅርጹ ሰይፍም ጋሻም የለው፤ ሻሽ ያሰረች፣ ጎበጥ ያለች ሴት ናት። ግራ ትከሻዋ እንደ አሮጊቷ ትከሻ ዘመም ብሏል። ልጅቷም አየችና ከሳጥኑ ራቅ አለች።

«አሃ፣ እናንተም ቦታ አዘጋጃችሁልኝ?» አለች አሮጊቷ ወደ ሳጥኑ። «ማን ነው እኔን ዕቃ ያደረገኝ?» መሐረቧን ጉድጓዱ ውስጥ ጠቀጠቀችና ክዳኑን ደፋችበት።

ከክዳኑ ስር ብቅ ብሎ የቀረው የመሐረቡ ጫፍ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ተሳበ።

«እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«የት? ቤቴ ነው።» አሮጊቷ ክዳኑ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። «እስቲ ግፉ።»

ክዳኑ ከነእሷ ከፍ አለ።