የውስጥ ኪስ

«ለቤት ነው ወይስ ይዘኸው ለመዞር?» ይላሉ አያ በፍቃዱ፣ ሦስቱን ሽጉጦች ከስፌት መኪናው አጠገብ እየደረደሩ።

«ለሁለቱም።»

«ለሁለቱም የሚል ሰው አንዱንም አያውቅም።» ለብቻቸው ይስቃሉ። የሱቁን በር በመጋረጃ ጋርደውታል። ውጭ የመካነ ሰላም ገበያ ይጮሃል፤ የወግዲ ሚኒባስ ረዳት ተሳፋሪ ይጠራል። ከተማው ሱሪና ጃኬት የሚያሰፋው እሳቸው ጋ ነው። ሽጉጥ ለፈለገ ሰው ደግሞ ሽጉጡን ሸጠው ኪሱንም ይሰፉለታል።

የመጀመሪያውን አነሳለሁ። አዲስ የቱርክ ሽጉጥ ነው፤ ጥቁር፣ ከጠበቅሁት በላይ ቀላል።

«እንደ ስልክ አትያዘው እንጂ! ሃንጋሪ ስድስት ዓመት ምን አስተማሩህ?»

«የመስኖ ምህንድስና።»

«ታዲያ ውሃ አጠጣዋ!»

ሁለተኛውን፣ እጀታው በሽቦ የታሰረውን አሮጌ ስታር፣ ገና ሳልነካው በእጃቸው ይገፉታል። «ይህን ተወው። ሲፈልግ ይተኩሳል፣ ሲፈልግ ያኮርፋል። እንደ አማቴ ነው።»

እስቃለሁ። ዓይኔ ግን ከመጋረጃው አይነሳም።

እኔ ሃንጋሪ ሳለሁ አጎቴ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የጥላሁንን ወንድም ገደለ። አጎቴ ታሰረ፤ ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። እኛ አገር ደም መላሽ ገዳዩን አይፈልግም፤ ከገዳዩ ቤት የተሻለውን ሰው ይፈልጋል። ዲግሪዬን ይዤ የገባሁ ቀን እናቴ እልልታዋን ሳትጨርስ ያለቀሰችው ለዚህ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ሼህ አህመዲንና ቄስ መልአኩ አስታረቁን። አንዱ ዱዓ አደረጉ፣ አንዱ መስቀል አሳለሙን፤ እኔና ጥላሁን አንዳችን በሌላው ላይ ብረት ላናነሳ ማልን። ስንምል የእኔ ድምፅ ከእሱ ጎልቶ ይሰማ ነበር።

ሦስተኛው ማካሮቭ ነው። መዳፌ ውስጥ ልክክ ይላል። በዘይት ተወልውሏል፤ ባለቤቱ ይሳሳለት እንደነበር ያስታውቃል።

«ይህ ይሁን» እላለሁ። አንድ ነገር ግን ሳይጠየቅ አይቀርም፤ ነፍስ ያጠፋ መሣሪያ እናቴ ቤት አይገባም። «ደም አለበት?»

«የለበትም።» አያ በፍቃዱ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። «ሊኖርበት ግን ነበር።»

«የማን?»

«ያንተ።»

ሽጉጡን ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ እመልሳለሁ።

«ጥላሁን ነው ያመጣው። በታረቃችሁ በሦስተኛው ቀን። ‹አያ፣ ይህ ነገር ቤቴ እያለ እንቅልፍ የለኝም። ወንድሜ ትዝ ባለኝ ቁጥር እጄ ወደሱ ይሄዳል። ይውሰዱልኝ› አለኝ። ወላሂ፣ ሲወጣ ወደ ኋላም አላየ።»

አሁን አመስግኜ መሄድ አለብኝ። የምፈራው ሰው መሐላውን ለመጠበቅ ሲል ባዶ እጁን ቀርቷል። መጋረጃውን ገልጬ ወጥቼ፣ ለእናቴ «ከእንግዲህ በሩ ላይ ግንድ አታስደግፊ» ማለት አለብኝ። እግሬ ግን አይነሳም።

«እሱስ ሌላ ሽጉጥ አልገዛም?» እላለሁ።

«እኔ ጋ አልገዛም።»

«አቀስታ ገበያ ሄዶስ?»

አያ በፍቃዱ መነጽራቸውን መልሰው ያደርጋሉ። ፊቴ ይግላል። ጥያቄውን መልሼ ብውጠው እወዳለሁ። ስድስት ዓመት የተማርሁት ግን ይህንኑ ነው፦ ግድቡ ይይዛል ሲሉኝ የሚሰነጠቅበትን ቦታ መፈለግ።

«የአቀስታን እኔ አላውቅም፣ ልጄ።»

«የቱርኩን ይስጡኝ።»

ይከራከሩኛል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ምናልባት እንዲከራከሩኝም እፈልጋለሁ። እሳቸው ግን ጃኬቴን አስወልቀው ገበሩን ይገለብጣሉ። ከግራው ብብት ዝቅ አድርገው ቁራጭ ጨርቅ በእስፒል ያያይዛሉ፣ ሽጉጡን ይከቱበታል፣ መልሰው ያለብሱኛል። አንዴም ዓይኔን አያዩም።

«መንገድ ላይ ስትገናኙ ትሳሳማላችሁ አይደል? ሽማግሎቹ እንዳዘዙት፣ ትከሻ ለትከሻ?»

«ሁልጊዜ።» ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ጥላሁን ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ከሩቅ አይቶኝ መንገድ ተሻግሮ ነው የመጣው። ሸሚዙ ላይ ዱቄት ነበረበት፤ ዱቄቱ ለእኔም ተረፈ።

«አጥብቆ ነው የሚያቅፍ?»

«አጥብቆ ነው።»

«እንግዲያው እንሞክረው።» ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ይጠጉኛል። «እኔ ጥላሁን ነኝ።»

ያቅፉኛል። ቀኝ ትከሻ፣ ግራ፣ ደግሞ ቀኝ። ብረቱ በእሳቸውና በእኔ ጎድን መካከል ይቆማል።

«ይታወቃል» ይላሉ። ጎንበስ ብለው እስፒሎቹን ይነቅላሉ፣ ጨርቁን ሁለት ጣት ያህል ወደ ጀርባዬ ይወስዱና እንደገና ይሰኩታል። አንድ እስፒል ከንፈራቸው መካከል እንደያዙ ነው፤ በአገጫቸው ቅረብ ይሉኛል።

እቀርባለሁ። ጥላሁን እንደሚያቅፈኝ አጥብቀው ያቅፉኛል። አሁን ምንም አይነካቸውም። እጄ፣ ልማዱ ነውና፣ ከኋላቸው ዞሮ ጀርባቸውን መታ መታ ያደርጋል።