ከሹፌሩ ጎን

"ቲቸር፣ ኧረ ቶሎ ይበሉ፤ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ደረቀብኝ!" አለ የታፔላ ጸሐፊው ስንታየሁ፣ ከባጃጁ ኋላ ቁጢጥ እንዳለ። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች።

መምህሩ ታምራት አልቸኮለም። የባጃጁ ባለቤት አብዱልሃዲ በኋላው መስኮት ላይ "ሆምቦይ" ብሎ ሊያስጽፍ አስቧል፤ ስድብ እንዳይሆንበት ፈርቶ ነው መንገደኛውን የእንግሊዝኛ መምህር ያስቆመው።

"ስድብስ አይደለም" አለ ታምራት። "አብሮ አደግ እንደማለት ነው። እናትህ ካንተ እኩል የምትቆጣው የሰፈርህ ልጅ። ሲሰፋ ደግሞ፣ አብሮህ ባያድግም እንደዚያ የቀረበህን ሰው ሆምቦይ ትለዋለህ። የጨዋታ ቃል ስለሆነ ለአለቃና ለሽማግሌ አይባልም።"

"ወላሂ፣ ሙሀሲን ነዋ!" አለ አብዱልሃዲ።

ሙሀሲን ቀወት ውስጥ አብሮት ያደገ፣ አሁን ጂዳ ያለ ጓደኛው ነው። የባጃጅ ሹፌር ተሳፋሪውን ከኋላ ይጭናል፤ ከራሱ ወንበር ቆርሶ ከጎኑ የሚያስቀምጠው ግን ጓደኛውን ነው። ያቺ ጫፍ የሙሀሲን ነበረች። እሱ ከሄደ ወዲህ ማንም አልተቀመጠባትም።

"የእርስዎስ ማነው፣ ቲቸር?" አለ አብዱልሃዲ።

ታምራት አጣዬ ሳለ ከበር ሳይጣሩ ዘው ብለው የሚገቡ ጓደኞች ነበሩት። ሰፈሩ ከተቃጠለ በኋላ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ የት እንደገባ እንጃ። እዚህ ሁሉም ያከብሩታል። ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉትና ያልፋሉ። እሁድ እሁድ ዳቦ ሊገዛ ካልወጣ የራሱን ድምፅ ሳይሰማ ይመሻል።

"አሁን እንኳ… የለኝም።"

ስንታየሁ ሳቀ። "ይህን ሁሉ ተምረው አንድ ሰው አጡ?"

"አንተ ዝም ብለህ ቀለምህን ቀባ!" አለው አብዱልሃዲ።

ጽሑፉ አለቀ። አብዱልሃዲ ወንበሩ ላይ ወጣና ወደ ዳር ጠጋ አለ። ጨርቅ አንስቶ ባዶዋን ጫፍ ከአቧራዋ ጠረጋት።

"ና ግባ ታምራት፣ ትምህርት ቤት ላድርስህ።"

ታምራት ቦርሳውን አቅፎ፣ እንደ ወትሮው ከኋላ ገብቶ ተቀመጠ።

አብዱልሃዲ ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ወንበሩ መሃል ተመለሰ።

"እሺ ቲቸር፣ በአስፋልቱ ይሻልዎታል በውስጥ?"

ታምራት የተጠረገችውን ቦታ ያያት ያኔ ነው፤ የአብዱልሃዲ ጉልበት ሸፍኗታል። "ቆይ፣ ወደ ፊት ልምጣ" ሊል ፈለገ። ሞተሩ ተነሳ።

"በፈለግህበት" አለ።

ዞር ብሎ የኋላውን መስኮት ተመለከተ። ፀሐይ በእርጥቡ ቀለም ውስጥ አልፋ ትገባለች። ፊደሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ መንገድ ላይ ለቀረው ሰው ይነበባሉ።